በሥራና በእውነት፦ የኮሪያ ድራማ ስለ ፍቅር የሚያሳየንና የሚደብቀን

የኮሪያ የፍቅር ድራማ ታጋሽ ተመልካች ይፈልጋል። አብዛኛው 16 ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሁለቱ ሰዎች እንደሚዋደዱ ተመልካቹ ገና በመጀመሪያው ክፍል ያውቃል። እነሱ ግን አፍ አውጥተው እስኪናገሩት ድረስ ስንት ነገር ያልፋል! እስከዚያ የምናየው መተሳሰብን ነው። አንዱ ለሌላው ጃንጥላ ይይዛል፣ ራት በልታ እንደሆነ ይጠይቃል፣ አውቶቡስ እስክትሳፈር ቆሞ ይጠብቃል።

በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ብዙ ወጣቶቻችን እነዚህን ድራማዎች የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ፊልም በሃያ ደቂቃ ውስጥ አልጋ ላይ የሚያደርሰውን ነገር ኮሪያውያን ሳይቸኩሉ ያሳዩናል። ከቴሌግራም እያወረዱ ሲያዩ የሚያድሩ አሉ። ጠዋት ላይ ደግሞ ጥያቄው ይመጣል፦ "ይሄ ለመንፈሳዊ ሕይወቴ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?" አንዳንድ አገልጋይ "ጊዜ ማባከን ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንቅልፍና ጸሎት እስኪያሳጣ ድረስ ማየት እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሰው የሚያለቅስበትን ታሪክ ቁም ነገር ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ልባችን ምን እንደራበው እዚያ ውስጥ ይታያል።

የምመዝንበት ጥቅስ አንድ ነው፤ 1ኛ ዮሐንስ 3፥18። «ልጆቼ ሆይ፥ በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ።» ሐዋርያው ሁለት ነገር ነው የጠየቀን። ሥራና እውነት። የኮሪያ ድራማ በመጀመሪያው ላይ ድንቅ አስተማሪ ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ደጋግሞ ይሰናከላል፤ እኛም አብረነው እንሰናከላለን።

ሥራው

«ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ጀምሮ በ2020 መጀመሪያ ያለቀ ድራማ ነው። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዩን ሴ-ሪ የምትባል ሀብታም የደቡብ ኮሪያ ሴት በፓራግላይደር ስትበር ዐውሎ ነፋስ ይወስዳትና ሰሜን ኮሪያ ላይ ትወድቃለች። ሪ ጆንግ-ህዮክ የሚባል የሰሜኑ ጦር መኮንን ያገኛታል፤ ቤቱ ወስዶ ይደብቃታል። አንድ ቀን ጥሩ መዓዛ ያለው ሻማ አምጣልኝ ትለዋለች። እሱ መብራት ሲጠፋ የሚበራውን ተራ ሻማ ይዞ ይመጣል። ሌላ ቀን ገበያ መሃል ትጠፋበታለች። ይመሻል። አገሩን አታውቀውም፤ ማንነቷ ከታወቀም አለቀላት። ፈርታ ስትዞር በሕዝቡ መሃል ከፍ ብሎ የተያዘ አንድ ሻማ ታያለች። ሪ ነው። የያዘውም መዓዛ ያለውን ሻማ ነው።

ይህ ትዕይንት ለምን እንዲህ ልብ ይነካል? ሴ-ሪ የአባቷ ሕጋዊ ሚስት የወለደቻት ልጅ አይደለችም። ትንሽ ልጅ ሳለች እንጀራ እናቷ ባሕር ዳርቻ ላይ ጥላት ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አላት፣ ስም አላት፤ ብትጠፋ የሚፈልጋት ሰው ግን የላትም። እዚያ ገበያ ውስጥ ሕይወቷን ሙሉ ያልሆነላት ነገር ሆነላት፤ ተፈለገች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ አንድ ድሪም የጠፋባት ሴት አለች። መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ እስክታገኘው ድረስ አጥብቃ ትፈልጋለች። ጌታ ስለ እግዚአብሔር ልብ ሲናገር ይህችን ሴት ነው ምሳሌ ያደረጋት። የድራማው ጸሐፊ ይህን ምዕራፍ አስባ ጻፈች እያልኩ አይደለም። የሰው ልብ ግን የተሠራው በአንድ እጅ ስለሆነ ሴኡል ላይ የሚያስለቅሰው አዲስ አበባም ያስለቅሳል።

እ.ኤ.አ. በ2025 በኔትፍሊክስ የወጣው «ዌን ላይፍ ጊቭስ ዩ ታንጀሪንስ» ደግሞ ከዚህ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቦታው የጄጁ ደሴት ነው። ኤ-ሱን ገጣሚ መሆን የምትመኝ ድሃ ልጅ ናት። ግዋን-ሺክ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። እሷ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፏን ታነባለች፤ እሱ ጎመኗን ይሸጥላታል። ይኸው ነው፤ የፍቅር ደብዳቤ የለም፣ ጊታር የለም። ተጋብተው ከወላጆቹ ጋር ሲኖሩ ወንዶቹ በአንድ ማዕድ፣ ሴቶቹ በሌላ ይበላሉ። ግዋን-ሺክ አንድ ቀን ጀርባውን ለወንዶቹ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሚስቱ ማዕድ ያዞራል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤት ይህ ትልቅ አብዮት ነው። «ስለዚህ ሰው አባቱንና እናቱን ይተዋል፥ በሚስቱም ይጣበቃል» የሚለውን የዘፍጥረት ቃል ስንት ጊዜ በሠርግ ላይ ሰምተነዋል። በአንድ የመቀመጫ መዞር ሲተረጎም ያየሁት ግን እዚህ ነው። ወንድሞቼ፣ በተለይ እናንተ ይህን ድራማ እዩት። "የሴት ፊልም ነው" የሚባለውን ተዉት።

ሦስተኛው ምሳሌዬ በግልጽ ክርስቲያን ነው። «ሆስፒታል ፕሌይሊስት» እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ የሐኪሞች ድራማ ነው። አን ጆንግ-ዎን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ጽኑ ካቶሊክ። ታላላቅ ወንድሞቹና እህቶቹ ካህናትና መነኮሳት ሆነዋል። እሱም ሥራውን ትቶ ካህን መሆን ይፈልጋል። እናቱ ደግሞ "አንድ ልጅ እንኳ ይቅርልኝ" ትላለች። መክፈል ለማይችሉ ታካሚዎች ሒሳባቸውን በምስጢር የሚከፍል ሰው አለ፤ እሱ ራሱ ነው። «ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ» የሚለውን ቃል የሚኖር ሰው ነው።

አብራው የምትሠራ ጃንግ ግዮ-ኡል የምትባል ወጣት ሐኪም ትወደዋለች። በመጨረሻ ትነግረዋለች፤ ካህን ከምትሆን ከእኔ ጋር ሁን ትለዋለች። እሱም ይቀራል። አንዳንድ አማኝ ተመልካች በዚህ ይከፋል። "እግዚአብሔርን ትቶ ሴት መረጠ" ይላል። በኮሪያ ባለው የካቶሊክ ሥርዓት ካህን አያገባምና ምርጫው ከባድ ነው። የእኛ የኦርቶዶክስ ቄስ ግን ከመሾሙ በፊት ያገባል፤ ትዳሩ ለአገልግሎቱ እንቅፋት አይባልም። ስለዚህ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት አይከብደንም። ጆንግ-ዎን የሚያክማቸውን ሕፃናት አልተወም፤ የሚከፍልላቸውን ድሆች አልተወም። የጥሪው ቦታ ተገለጠለት እንጂ ጥሪው አልጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፍቅርን በሥራ መግለጽን በተመለከተ እኛና ኮሪያውያን ከድራማው በፊት የነበረ ታሪክ አለን። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት ለመዋጋት እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ደረሱ፤ በአጠቃላይ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ። ወታደሮቻችን ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። ቹንቾን ከተማ ላይ የመታሰቢያ ሐውልታቸው ቆሟል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1968 ሄደው አይተውታል። የኮሪያን ድራማ ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው የ2002ቱ «ዊንተር ሶናታ» ታዋቂ ትዕይንቶች የተቀረጹትም በዚሁ በቹንቾንና አጠገቡ ባለው በናሚ ደሴት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው "ኮሪያ ሆስፒታል" የሚለው ሚዩንግሰንግ ደግሞ በአንድ የሴኡል ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመ ነው። አንዱ ሕዝብ ለሌላው እንዲህ ይውላል።

እውነቱ

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። የኮሪያ ድራማ የሚያዩ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ክፍል 12 ወይም 13 አካባቢ አንዱ ድንገት ይለወጣል። ታሟል፣ ወይም ቤተሰቧ አስፈራርቶታል፣ ወይም ከባድ ምስጢር ሰምቷል። ምክንያቱን አይነግራትም። "ከእንግዲህ አልወድሽም" ብሎ ይሄዳል። ዝናብ ይዘንባል፤ እሷ ታለቅሳለች፤ እሱ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። "ለእሷ ብዬ ነው የተውኳት" ይላል። ሙዚቃው ደግሞ ይህ ከፍቅር ሁሉ የሚበልጥ ፍቅር ነው ይለናል።

«ዊንተር ሶናታ»ን ውሰዱ። ሃያው ክፍል የቆመው በአንዲት እናት ውሸት ላይ ነው። ልጇ ከአደጋ በኋላ የቀድሞ ሕይወቱን ሲረሳ ሌላ ስምና ሌላ ትዝታ ታሰጠዋለች። አባቱ ማን እንደሆነም ትዋሸዋለች። በዚያ ውሸት የተነሳ የሚወዳት ልጅ እህቱ የሆነች ይመስለዋል። እሱም በተራው ምክንያቱን ለእሷ ሳይነግራት ሊርቅ ይሞክራል። አንዱ መደበቅ ሌላውን ወለደ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ያስተማረኝ ግን የ2024ቱ «ኩዊን ኦፍ ቲርስ» ነው። ብዙ ድራማ የሚያልቀው በሠርግ ነው፤ ይህኛው የሚጀምረው ከሠርጉ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቤክ ህዮን-ዉ የገበሬ መንደር ልጅ፣ ጠበቃ ነው። ሆንግ ሄ-ኢን የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ትመራለች። ሲጋቡ በጣም ይዋደዱ ነበር። ከዚያ ፅንሷ ጨነገፈ። እሷ ብቻዋን አዘነች፤ እሱም ብቻውን አዘነ። አንዱ ሌላውን "አልከፋውም" ብሎ ደመደመ። ክፍላቸው ተለየ። አልተሰዳደቡም፤ አልተማቱም፤ ማንም ከማንም ጋር አልማገጠም። ዝም ብቻ ተባባሉ። ዝምታው ትዳሩን ገደል አፋፍ ላይ አደረሰው።

ህዮን-ዉ የፍቺ ወረቀት አዘጋጅቶ ሊነግራት ሲሄድ ቀድማ "ልሞት ነው" ትለዋለች። የአንጎል ዕጢ አለባት። ወረቀቱን ይደብቃል። በኋላ ፍቅሩ እውነተኛ ሆኖ ይመለሳል፤ የተደበቀው ወረቀት ግን በሌላ ሰው እጅ ወጥቶ መልሶ ያፈርሰዋል። ከዚያም ጀርመን አገር ሕይወቷን የሚያተርፍ ቀዶ ሕክምና ይገኛል። ትዝታዋን ግን ያጠፋዋል። ይህን እሱና ቤተሰቧ ያውቃሉ፤ እሷ ጀርመን እስክትደርስ ድረስ አታውቅም። ስታውቅ ምን ያህል እንደተጎዳች አስቡት። የምትድነው እሷ፣ የምትረሳው እሷ፤ የተመካከሩት ሌሎች።

ብዙ ተመልካች "ምን ያድርግ፣ ስለሚወዳት ነው" ይላል። መውደዱን አልጠራጠርም። ግን የክርስቶስን ፍቅር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከመያዙ በፊት በነበረችው ሌሊት ለደቀ መዛሙርቱ እንዲህ አላቸው፦ «ከእንግዲህ ወዲህ ባሮች አልላችሁም፤ ባርያ ጌታው የሚያደርገውን አያውቅምና፤ ወዳጆች ግን ብያችኋለሁ፥ ከአባቴ የሰማሁትን ሁሉ ለእናንተ አስታውቄአችኋለሁና።» ዮሐንስ 15፥15 ነው። ሊሞትላቸው ነው። እንደሚሞት ደጋግሞ ነግሯቸዋል። ጴጥሮስ "አይሁንብህ" ብሎ ተቆጥቷል፤ ሌሎቹ አዝነዋል፤ እሱ ግን እንዳያዝኑ ብሎ አልደበቀም። የመስቀሉ መሥዋዕትነት በጨለማ የተደረገ ውሳኔ አይደለም። የተነገረ ነው። እዚያው ላይ ወዳጅ ማለት የሚነገረው ሰው እንደሆነ ገልጧል።

እንግዲህ ጆንግ-ዎን የድሆችን ሒሳብ በምስጢር መክፈሉና ህዮን-ዉ የሚስቱን ሕክምና ምስጢር ማድረጉ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ራሱን ከምስጋና ደበቀ። ሁለተኛው ሚስቱን ከገዛ ሕይወቷ አራቀ። ምጽዋት በስውር ይሁን ተባልን። ስለ ሌላው ሰው ሰውነት፣ ትዳርና ዕድሜ ግን በስውር እንድንወስን ማንም አላዘዘንም።

ይህ ነገር የኮሪያ ብቻ ቢሆን ባላሰፋሁት ነበር። እኛም ቤት አለ። እናት በካንሰር ስትታመም ልጆቿ ሐኪሙን በር ላይ ይዘው "እባክህ ለእሷ አትንገራት" ይሉታል። እሷ ደግሞ ገብቷታል፤ ልጆቿን ላለማሳዘን ዝም ትላለች። ሁሉም እየተዋደደ ሁሉም ብቻውን ይቀራል። ንስሐ መግባት፣ መናዘዝ፣ መመረቅ፣ መታረቅ የምትፈልግበት ቀን እንዲሁ ያልፋል። መርዶ ግን ከዚህ ይለያል። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ሄደው ማርዳታቸው ጥበብ ያለበት ነው። እውነቱ ይነገራል፤ ሲነገር የሚደግፍ ትከሻ አለ። የሚጎዳው ለወራት ሲዘገይ፣ ውጭ አገር ያለው ልጅ አባቱ ሞቶ እያለ በስልክ "ደህና ነው፣ ተኝቷል" ሲባል ነው።

ለህዮን-ዉ ግን ፍትሐዊ ልሁን። ሄ-ኢን ከቀዶ ሕክምናው ነቅታ ስታየው አታውቀውም። ሌላ ሰው ውሸት ነግሯት እንደ ጠላት ታየዋለች። እሱ ይችላታል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በኢሳይያስ 49 ላይ እግዚአብሔር ሕፃኗን ስለምትረሳ እናት ሲናገር ለጽዮን «አዎን፥ እርስዋ ትረሳ ይሆናል፥ እኔ ግን አልረሳሽም» ይላታል። የመርሳት በሽታ የያዘው የትዳር ጓደኛ የሚያስታምም ሰው ይህን ታሪክ ሲያይ የራሱን ቤት ያያል። ያልታወቀ ፍቅርን መቀጠል ከባድ ነው፤ በቃል ኪዳን ብቻ ነው የሚቻለው።

የሚያድነው ሰው

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ዕጣ ፈንታ ነው። በብዙ ድራማ ዋናዎቹ ሁለት ሰዎች ልጆች ሳሉ አንድ ቦታ ተገናኝተው ነበር፤ ወይም በቀድሞ ሕይወታቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ይህ ከቡድሂዝምና ከአገሩ ባህላዊ እምነት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ ቆጠራ ከኮሪያ ሕዝብ 28 በመቶ ገደማ ክርስቲያን ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ሴኡል በሌሊት የቤተ ክርስቲያን ቀይ መስቀሎች የሚያበሩባት ከተማ ብትሆንም በድራማው ውስጥ ወንጌል እምብዛም አይሰማም። በዚያ ላይ ወጣቱ በቤት ዋጋ፣ በሥራ ጫናና በውድድር ተጨንቆ ጓደኝነትን፣ ትዳርንና ልጅን የተወበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት ሴት በሕይወቷ የምትወልደው ልጅ በአማካይ 0.72 ሆነ። በዓለም ካሉ አገሮች ዝቅተኛው ነበር። ስለዚህ ብዙው ድራማ የናፍቆት ሥራ ነው። ለማፍቀር ጊዜ ያጣ ሕዝብ ለማፍቀር ጊዜ ያለውን ሰው ያሳያል።

ይህን ሳውቅ ለድራማው ያለኝ ርኅራኄ ጨመረ። አደጋው ግን አለ። "ለአንቺ የተፈጠረው አንድ ሰው ይመጣል፤ ሲመጣ ቁስልሽ ሁሉ ይድናል" የሚለው ተስፋ እህቶቻችንን ይጎዳል። ጥሩ ወንድም ፊት ለፊታቸው ቆሞ "ልቤ አልደነገጠም" ብለው ያሳልፉታል። ያገቡትም ባላቸው እንደ ሪ ጆንግ-ህዮክ ስላልሆነ የተታለሉ ይመስላቸዋል። ሰው የሰውን ቁስል ያጥባል እንጂ አዳኝ መሆን አይችልም። ባልን አዳኝ አድርጎ ማግባት ባልየውንም መበደል ነው።

መጽሐፈ ሩት ላይ ያለው ፍቅር ከዕጣ ፈንታ ይልቅ በምርጫ ይጀምራል። ደግሞ ልብ በሉ፤ «ወደምትሄጅበት እሄዳለሁና፥ በምታድሪበትም አድራለሁና» የሚለው የታማኝነት ቃል የተነገረው ለፍቅረኛ አይደለም። ምራት ለአማቷ የተናገረችው ነው። በኮሪያ ድራማ አማት ማለት ገንዘብ የያዘ ፖስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "ልጄን ተዪው" የምትል ሴት ናት። ሩት ከቦዔዝ ጋር የደረሰችው አማቷን ይዛ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ፣ ሠርግ የሁለት ሰው ብቻ ባልሆነበት አገር፣ ይህ መጽሐፍ ከየትኛውም ድራማ በላይ ቅርብ ነው።

«ክራሽ ላንዲንግ» ሲያልቅ ሴ-ሪና ሪ በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ስዊዘርላንድ ይገናኛሉ። ድንበሩ አልተከፈተላቸውም። ይህን ፍጻሜ ካዩት ውስጥ የሚስት ቪዛ ለዓመታት የሚጠብቅ አሜሪካ ያለ ወንድም አለ። ባሏንና ልጇን ትታ ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ እህትም አለች። ለእነሱ ይህ ልብ ወለድ አይደለም። እሷ አሠሪዎቿ ሲበድሏት በስልክ "ደህና ነኝ" ትላለች። እሱ ሥራ ሲፈታ አይነግራትም። የላከችው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ሁለቱም ለመነጋገር ይፈራሉ። ርቀቱ ብቻውን ቢሆን ይችሉት ነበር።

አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የሚሰጡት ትምህርት ለዚህ ቦታ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ሙሽሮቹ ወደ ተክሊሉ ወይም ወደ ቃል ኪዳኑ ከመድረሳቸው በፊት ያለባቸውን ዕዳ፣ የሚደጉሙትን ቤተሰብ፣ የጤናቸውን ሁኔታ፣ ከዚህ በፊት የወለዱት ልጅ ካለ እሱን፣ ደመወዛቸውን አንድ በአንድ ይነጋገሩ። መምህሩ ከፈለገ የ«ኩዊን ኦፍ ቲርስ»ን የመጀመሪያ ክፍል ያሳያቸውና አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸው፦ እነዚህ ሁለቱ ፅንሱ በጨነገፈ ሰሞን ምን ሊባባሉ ይገባ ነበር?